«ጸሎታችን ተሰምቷል፤ ስግድ ይብቃ» ላሉት ጸሐፊ

በዚህ ሰሞን «ጸሎታችን ተሰምቷል፤ ስግድ ይብቃ» የሚል ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። የጻፉት ሰው እንደ እኔው እስራኤል ውስጥ የሚኖሩ ቤተ እስራኤል ናቸው። ክፋት አላየሁባቸውም። ልጆቻችን በዚህ አገር አንገታቸውን ቀና አድርገው እንዲኖሩ ይመኛሉ፤ የእኔም ምኞት ይኸው ነው። ለዚህ ሲሉ እንድንጥለው የሚጠይቁን ነገር ግን አባቶቻችን ከርስትና ከመሬት በላይ ያከበሩት ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ቃላቸውን ባጭሩ ልንገር። ስግድ ኢየሩሳሌም ለመግባት የተለመነበት በዓል ነው፤ ገብተናልና ትርጉሙ አልቋል፤ ዛሬ የቀረው መንግሥት ያቆመው የባለሥልጣናት መድረክ ነው ይላሉ። ቄሶቻችን የያዙት ሥርዓት ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የተቀዳ ስለሆነ ቦታውን ለራቢዎች፣ ለአይሁድ የሃይማኖት መምህራን፣ ይልቀቁ ይላሉ። ለቅሶአችንና ሠርጋችን ገንዘብና ጊዜ የሚበላ የገጠር ልማድ ነው፤ አማርኛና ግዕዝ ልጆቻችንን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ደግሞም ወጣቱ ይህን ሁሉ ትቶታል ብለው ይጨርሳሉ።

ከስግድ እጀምራለሁ፤ የሌላው ሁሉ ሥር እዚያ ነውና።

«ኢየሩሳሌምን የመናፈቅ በዓል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ስግድ የሚውለው ከአስተሰርዮ፣ ከኃጢአት ማስተስረያው ቀን፣ በኋላ በ50ኛው ቀን፣ ሔሽቫን በሚባለው የዕብራውያን ወር 29ኛ ቀን ላይ ነው። 50 ቀን ሲቆጠር የምናውቀው ሌላም በዓል አለን፤ ከፋሲካ ተቆጥሮ የሚገባው፣ በሲና ተራራ ሕግ የተሰጠበት መታሰቢያ። ስግድ ከእርሱ ጋር ትይዩ የቆመ ቀን ነው። ሌላው ስሙ ምህላ ነው። ቄሶች በዚያ ቀን ኦሪትን ተሸክመው ተራራ ይወጡና ከዘፀአት የሲናን ታሪክ ያነባሉ፤ ከነህምያ መጽሐፍ ደግሞ ከምርኮ የተመለሰው ሕዝብ ጾሞ፣ ማቅ ለብሶ፣ የራሱንና የአባቶቹን በደል ተናዞ ቃል ኪዳኑን ያደሰበትን ምዕራፍ ያነባሉ።

ጸሐፊው ይህን ምዕራፍ ገልጠው እንዲያነቡ በአክብሮት እለምናቸዋለሁ። ያ ሕዝብ ምህላ የያዘው የት ሆኖ ነው? ባቢሎን ሆኖ አይደለም። ኢየሩሳሌም ገብቷል፤ የፈረሰው ቅጥርም ተሠርቶ አልቋል። የጾመው፣ ያለቀሰውና የሰገደው ከገባ በኋላ ነው! አባቶቻችን በጎንደር በአምቦበር ተራራ ላይ ቆመው፣ ከኢየሩሳሌም ርቀው፣ ኢየሩሳሌም የደረሰ ሕዝብ ያደረገውን ምህላ ሲያነቡ ኖሩ። እኛ ዛሬ በዚያ ንባብ ውስጥ ካሉት ሰዎች ጋር በአንድ ከተማ ቆመናል። «ገብተናልና ይብቃ» የሚለው ክርክር ቄሶቹ በሚያነቡት በራሱ መጽሐፍ መልስ አግኝቷል። ንባቡ እንዲያውም ለእኛ ለገባነው ይበልጥ ይመለከተናል።

በልጅነቴ አምቦበር ላይ ስግድን አይቻለሁ። አያቴ ከዋዜማው ጀምራ ገላዋን ታጥባ፣ ነጭ ቀሚሷን ከነጠላዋ ጋር አዘጋጅታ ታድር ነበር። ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ትወጣለች። ከተራራው ግርጌ ድንጋይ ትመርጣለች፤ ትንሽ አትመርጥም። ያን በራሷ ላይ ተሸክማ ዳገቱን ስትያያዘው እኔ ቀሚሷን ይዤ ከኋላዋ እከተላለሁ። ለምን ትሸከሚዋለሽ ስላት «በአምላክ ፊት ቀና ብሎ አይወጣም» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ጾሙ ሲፈታ ዳቦው ይቆረሳል፤ ከዚያ ጭፈራው ነው። ስለ ኢየሩሳሌም ብዙ ስትናገር እሰማት ነበር። ኢየሩሳሌምን ሳታይ አረፈች።

ባለሥልጣናት ስለሚያደርጉት ንግግር የተባለው ትክክል ነው፤ እኔንም ያመኛል። ከአሮጌዋ ከተማ ፊት ለፊት ባለው በአርሞን ሃናጺቭ ጉብታ ላይ ቄሶቹ በባለ ጥለት ጃንጥላዎቻቸው ሥር ቆመው ገና ጸሎት ሳይጨርሱ፣ የእንግዶች ስም በድምፅ ማጉያ የተጠራበትን ዓመት አልረሳሁም። አንዲት አሮጊት አጠገቤ እጆቿን ወደ ሰማይ እንደዘረጋች ቀርታ፣ ከማጉያው ጋር እየታገለች ጸሎቷን ስትጨርስ አይቻለሁ። ይህ መታረም አለበት። የሚታረመው ግን መርሐ ግብሩ ነው። እንግዳ ቀድሞ ተናግሮ ይውረድ፣ ወይም ጾሙ ተፈትቶ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ይናገር፤ የምህላው ሰዓት የቄሶች ብቻ ይሁን። ጸሐፊው ግን ጸሎቱ ስለተረበሸ ጸሎቱን እንተው ይሉናል።

በዓሉን መንግሥት ያቆመው ነው ያሉት ደግሞ ፈጽሞ ስህተት ነው። የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ በሕግ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ሁሉ፣ ማንም ሳይጠራን፣ አውቶብስ ተከራይተን፣ ከሥራ ቀርተን፣ የቀን ደመወዛችን ተቆርጦ ኢየሩሳሌም ወጥተናል። ሕጉ የተከተለው እኛን ነው።

አሁን ወደ ቄሶቹ። ጸሐፊው «ቄስ የሚለው ስም ራሱ፣ ግዕዙ፣ ምንኩስናው ከየት እንደመጣ ያሳያል» ብለው ጽፈዋል። ክርክሩ ከቦታው የተነሳ ነው፤ ምሁራንም የሚከራከሩበት ስለሆነ ሸፋፍኜ አላልፈውም። የምንኩስና ሥርዓታችን የሚነሳው በ15ኛው መቶ ዘመን ከነበሩት ከአባ ሰብራ ነው፤ የእኛው አባቶች ትውፊት ራሱ አባ ሰብራ ከክርስቲያኖቹ ወገን መጥተው ከእኛ ጋር እንደተቀላቀሉ ይናገራል። ትውፊታችን ይህን አልደበቀም። በአንድ አገር፣ በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ገበያ መቶ ዓመታትን አብሮ የኖረ ሕዝብ ከጎረቤቱ ምንም አልወሰደም ብዬም አልከራከርም።

መውሰድ ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ አልነበረውም። ግዕዙን ራሱን እንየው። ኦሪት የሚለው ቃል አይሁድ ተውራትን በአራማይስጥ ይጠሩበት ከነበረው ስም ጋር አንድ ነው። ምጽዋትና ታቦትም አራማይስጥ ሥር ያላቸው ቃላት ናቸው፤ የቋንቋ ሊቃውንት ወደ ግዕዝ የገቡበትን መንገድ ሲፈልጉ አይሁዳዊ ምንጭን የሚጠቁሙት እነዚህን ይዘው ነው። ቄስ የሚለው ስም እንኳ ሽማግሌ ማለት ከሆነው የአራማይስጥ ቃል የመጣ ነው። በየቀኑ በአፋችን የምንላቸው ቃላት ይህን ያህል ዕድሜ ተሸክመው ሳለ፣ ስሙ ከክርስቲያኑ ቄስ ስም ጋር ስለገጠመ ሥርዓቱ የእኛ አይደለም ማለት ችኮላ ነው።

ከስሙ ይልቅ ሥራውን ቢያዩ ደግሞ ይሻል ነበር። አባቶቻችን ሰንበትን እንዴት እንደጠበቁ ጸሐፊው ከእናታቸው ሳይሰሙ አልቀሩም። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋል፤ ምግቡ ቀድሞ ተሠርቶ በማግስቱ ቀዝቃዛውን ይበላል፤ ሰውም ልብሱም ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፤ ዳቦው ወደ መስጊዱ ተወስዶ በቄሱ አፍ ይባረካል። (በጎንደር ጸሎት ቤታችንን መስጊድ የምንለው ከስግደት ነው፤ ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ይደናገጣሉና በዚሁ ላስረዳ።) «ትእዛዘ ሰንበት» የሚባል የራሳችን የግዕዝ መጽሐፍ አለን። የፋሲካ በግ ይታረድ ነበር። በኦሪት የሌለውን ሃኑካን አባቶቻችን አያውቁትም ነበር፤ በኦሪት የተጻፈውን ግን አልጣሉም። ይህን ሁሉ ያስጠበቀው ማን ነው? ራቢ በአገሩ አልነበረም። ቄሱ ነው ያጋባ፣ ያረደ፣ የባረከ፣ የቀበረ፣ የተጣላ ያስታረቀ።

እ.ኤ.አ. በ1973 የሴፋርዲው ዋና ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን ግብፅ ውስጥ የነበሩትን ራቢ ዳዊት ቤን ዚምራን ጠቅሰው ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን ፈረዱ። ጸሐፊው ይህን ፍርድ ጠቅሰው «ራቢዎች ተቀብለውናል፤ እንታዘዛቸው» ይላሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ዘለሉት። በ1977 ዓ.ም. ከሱዳን በአውሮፕላን በተጫነበት በዘመቻ ሙሴ የገባው ወገናችን ገና አገር ሳይለምድ፣ አይሁድነቱ ይረጋገጥ ዘንድ ውሃ ውስጥ መጥለቅ አለበት ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1985 ሽማግሌውና ወጣቱ፣ ሴቱና ወንዱ ኢየሩሳሌም ውስጥ ከራባኑት፣ ከራቢዎች የበላይ መሥሪያ ቤት፣ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል የተቀመጡት በዚህ ምክንያት ነው። ማኅበረሰባችን በዚህ አገር ድምፁን ከፍ አድርጎ «እኛ ማን እንደሆንን እናውቃለን» ያለው ያኔ ነው፤ ያንን ያወቀው ከቄሶቹ ተምሮ ነው።

እኔም ስጋባ ደርሶብኛል። ጋብቻችንን ለማስመዝገብ የሄድንበት ቢሮ እናቴ አይሁድ መሆኗን የሚመሰክር ወረቀት ጠየቀኝ፤ አመጣሁ። የእናቷን አሉኝ። አያቴ የተቀበረችው አምቦበር ነው፤ ወረቀት የላትም። ምስክር የሆነልኝ የመንደራችን ቄስ ነበር፤ ከነዘር ሐረጌ ያውቀኛል፤ በቃሉ ቆጠረው። ቢሮው የሚቀበለው ግን የእርሱን ቃል አልነበረም። እኚህ ቄስ ወላጆቼን አጋብተዋል፤ በዚህ አገር ግን ቄስ ጋብቻን የማስመዝገብ ሥልጣን የለውም። ጸሐፊው ቄሶች ቦታ ይልቀቁ ሲሉ፣ ከለቀቁት በላይ ምን እንዲለቁ እንደሚፈልጉ አልገባኝም። ራቢን ማክበርና ቄስን ማክበር አብረው ይሄዳሉ። በዚህ አገር የተማሩ፣ ዕብራይስጥም ግዕዝም የሚያነቡ ወጣት ቄሶች አሉን፤ ሁለቱን በአንድ አፍ ሲያስተምሩ የሰማ ሰው ይህን አይጠራጠርም።

ከጽሑፉ ሁሉ ያሳዘነኝ ስለ ለቅሶ የተባለው ነው። «አንድ ሰው ሲሞት ከዲሞናም ከሐይፋም አውቶብስ ሞልቶ ይመጣል፤ ድንኳን ይጣላል፤ የሥራ ቀን ይጠፋል፤ ይህ ኪሳራ ነው» ይላሉ።

እስቲ አንድ ለቅሶ ልንገራቸው። የእናቴ ታናሽ እህት በ1977 ዓ.ም. መባቻ ከባሏና ከልጇ ጋር በሌሊት ተነሥታ ወደ ሱዳን ሄደች። ለሰባት ዓመት ወሬዋን አልሰማንም። እኛ ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን፣ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከተጫኑት 14 ሺህ ከሚበልጡት ወገኖቻችን ጋር ገባን። መንግሥት ሆቴል ውስጥ አስቀመጠን። እናቴ በመጣ በሄደው ሁሉ ፊት እህቷን ትፈልግ ነበር። ከእኛ በፊት የገቡት ሽማግሌዎች ያውቁ ነበር፤ ግን ጉዞው እስኪወጣልን ጠበቁ። በሦስተኛው ሳምንት ገና ሳይነጋ አራት ሽማግሌዎች መጥተው በሩን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ በር ላይ ሲቆም መርዶ እንደሆነ የማያውቅ የለም። አክስቴ ኡም ራኩባ በሚባለው ካምፕ ውስጥ ሞታለች፤ ልጇም ሞቷል። አይሁድ መሆናቸው እንዳይታወቅ በሥርዓቱ አልተለቀሰላቸውም ነበር።

በዚያ ጠዋት የሆቴሉ ሦስተኛ ፎቅ ሰው ሁሉ፣ የሚያውቃትም የማያውቃትም፣ ከየክፍሉ ወጥቶ መተላለፊያው ላይ መሬት ተቀመጠ። የሆቴሉ ሠራተኞች ደንግጠው ሐኪም ጠሩ። ሴቶቹ እናቴን ይዘው አብረው ሙሾ አወረዱ፤ እያንዳንዷ ሱዳን የቀረባትን ሰው ስም እያነሳች ታለቅሳለች። በመንገድና በካምፕ አራት ሺህ ያህል ወገን እንዳለቀብን ዛሬ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርዝል ተራራ ባለው መታሰቢያ ላይ በመንግሥት ሥርዓት ይነገራል፤ ደግ ነው። እናቴ ግን እህል መቅመስ የጀመረችው በዚያ መተላለፊያ ላይ ከተለቀሰላት በኋላ ነው። ከዚያ ፎቅ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ በአሽቀሎን፣ በናታንያ፣ በቂርያት ጋት ተበትነዋል። እነርሱ ሲያዝኑ እናቴ አውቶብስ ተሳፍራ ትሄዳለች። ጸሐፊው የጠፋ የሥራ ቀን የሚሉት ይህንን ነው።

ስለ ሠርጉ ወጪ ግን ልክ ናቸው። አዳራሹ፣ ቪዲዮው፣ የእንግዳው ብዛት ወጣት ባልና ሚስትን በዕዳ ያስጀምራል፤ ሽማግሌዎቻችን ቁርጥ ያለ ገደብ ሊያበጁለት ይገባል፤ በዕቁብ የተሰበሰበ ገንዘብ ለአንድ ምሽት ሲበተን ማየት ያሳዝናል። ለቅሶና ሠርግ ግን አንድ ያልጠቀሱት ሥራም ይሠራሉ። በእኛ ሥርዓት እስከ ሰባት ቤት የተዛመዱ አይጋቡም። ይህን የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት የለም። መዝገቡ ያለው በሽማግሌዎች ቃል ነው፤ የሚታደሰውም ሰው ለለቅሶና ለሠርግ ሲሰበሰብ ነው። ባለፈው ዓመት ቤርሳቤህ የሚማር የጎረቤቴ ልጅ ያፈቀራትን ልጅ ወላጆቹ ጋ ይዞ መጥቶ፣ በአምስተኛው ቤት ዘመድ ሆና ተገኘች። ልጁ አዘነ፤ እናቱም አብራው አዘነች። ያወቁት ግን አንድ አዛውንት ከሁለት ወር በፊት በአንድ ለቅሶ ላይ የልጅቷን አያት ስም ሲያነሱ ስለሰሙ ነው።

ስለ ቋንቋው ብዙ አልልም። ልጅ ዕብራይስጡን አጥርቶ ይናገር፤ ይጻፍበት፤ ይፎካከርበት። ነገር ግን ከእናቷ ጋር መግባባት ያቃታትን አንዲት ነርስ አውቃለሁ፤ የበሽተኞቿን ሕመም በዕብራይስጥ ትረዳለች፤ የገዛ እናቷን ሕመም ለመረዳት ግን ታላቅ ወንድሟን ትጠራለች። አማርኛው ወይም ትግርኛው የጠፋበት ቤት ከነወላጆቹ የተከፈለ ቤት ነው። ግዕዝ ደግሞ ከዕብራይስጥ አያርቅም፤ «ሰገደ» የሚለው ሥር በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም፣ በኢሳይያስ፣ ይገኛል። ይህን ለልጆች አንድ ጊዜ ማሳየት በቂ ነው፤ ሌላውን ቃል ራሳቸው መፈለግ ይጀምራሉ።

የመጨረሻው ነጥባቸው ወጣቱ ትቶታል የሚለው ነው። ትቶታል የሚባለው ወጣት በስግድ ቀን የውትድርና ልብሱን እንደለበሰ አያቱን ደግፎ ጉብታውን ሲወጣ አየዋለሁ። ንባቡን የማይሰማ ብዙ ልጅ እንዳለ ግን አልክድም፤ ከኋላ ቆመው ስልካቸውን የሚነካኩት ስለሰለቻቸው ሳይሆን ስላልገባቸው ነው። ቄሱ ያነበበው ወዲያው በዕብራይስጥ ቢተረጎምላቸው ይሰማሉ። አባቶቻችን ግዕዙን ለሕዝቡ በአማርኛና በትግርኛ ይተረጉሙ ነበርና ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ባለፈው ስግድ ሬሆቮት ከሚገኘው ከቂርያት ሞሼ ሰፈራችን ገና ጎህ ሳይቀድ አውቶብስ ስንጠብቅ፣ ከመኪና ማቆሚያው ዳር ጎንበስ ብላ አንድ ነገር አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየኋት። አልጠየቅኋትም። ጉብታው መግቢያ ላይ ጥበቃው ቦርሳዋን ከፍቶ የጭብጥ እጥፍ የሚያህል ድንጋይ አወጣና ምን እንደሆነ ጠየቃት። እኔ ልመልስ ስል ቀደመችኝ። ቅድመ አያቷ አምቦበር ላይ እንዴት እንደምትሸከም፣ ለምን ትንሽ እንደማትመርጥ በዕብራይስጥ ነገረችው። ሰልፉ ከኋላችን ቆሞ ሰማት። ጥበቃው ድንጋዩን በሁለት እጁ መለሰላት፤ እርሷም ራሷ ላይ አደረገችውና ወጣች።